ዝንቅ መሆን ቀለም ማጣት አይደለም

«ቆይ እስቲ፣ ይሄ ሁሉ የአንድ ባንድ ሥራ ነው?»

ጥያቄው የዶርም ጓደኛዬ ነው። አንዱን ማዳመጫ እሱ፣ አንዱን እኔ ጆሯችን ላይ ሰክተን ኩዊን የተባለውን የእንግሊዝ የሮክ ባንድ እየሰማን ነበር። አልበሙ «ኤ ናይት አት ዘ ኦፔራ» ይባላል፤ በእኛ አፍ «አንድ ምሽት በኦፔራ ቤት» ብንለው ያስኬዳል። የመጀመሪያው ዘፈን ንዴት ነው፤ ጊታሩም፣ ፒያኖውም፣ ድምፁም ጥርሱን ነክሷል። ሁለተኛው ገና ተጀመረ ሲባል የሚያልቅ የድሮ ቴአትር ቤት ጨዋታ ይመስላል። ሦስተኛው በመኪናው ፍቅር ያበደ ሰው ጩኸት ነው። አራተኛው ለትዳር ጓደኛ የተዘፈነ ለስላሳ ዜማ፣ አምስተኛው ደግሞ ሰዎች እሳት ከበው በአንድ ተራ ጊታር የሚያንጎራጉሩት ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ጓደኛዬ ስልኬን ነጥቆ አየው። ከተለያዩ ባንዶች የተለቃቀሙ ዘፈኖች አደባልቄ የከፈትኩበት መስሎት ነበር። አልተደባለቁም። አልበሙ እንዲህ ሆኖ የተሠራ ነው።

«ታዲያ እነዚህን ሰዎች ምን ዓይነት ባንድ እንበላቸው?» አለኝ።

ለምን ይዋሻል፣ መልስ አጣሁ። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ያ ያልመለስኩት ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። «ቀለምህን ለይ»፣ «አንድ ነገር ያዝ»፣ «አድማጭህን ግራ አታጋባ» የሚለውን ምክር ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ እርስ በርሳችንም እንባባለዋለን። ምክሩ በራሱ ክፋት የለውም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከምክርነት አልፎ መሸሸጊያ ሲሆን አያለሁ። አንድ ሐሳብ ከተለመደው ወጣ ሲል «አድማጭ አይወደውም» እንላለን፤ አድማጩን ግን አልጠየቅነውም። የፈራነው እኛ ነን። ኩዊን እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ይህ አልበም ስለዚህ ፍርሃት የሚነግረን ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። የምከራከረውም ለዚህ ነው፤ ዝንቅ ሥራ ቀለም ያጣ ሥራ አይደለም፤ ቀለም የሚያጣው ያልተለፋበት ሥራ ነው።

ነገርን ከሥሩ

ኩዊን አራት ሰዎች ነበሩ። ድምፃዊው ፍሬዲ መርኩሪ የተወለደው እዚሁ አህጉራችን ውስጥ ዛንዚባር ነው። የቤት ስሙ ፋሮክ ቡልሳራ ሲሆን ወላጆቹ ከሕንድ የመጡ ፓርሲዎች ነበሩ። ሕንድ ውስጥ በአዳሪ ትምህርት ቤት ተማረ። ቤተሰቡ ከዛንዚባር አብዮት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ እንግሊዝ ሲሰደድ እሱም አብሮ ሄዶ በኋላ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ገባ። ጊታር ተጫዋቹ ብራያን ሜይ የሕዋ ፊዚክስ ተማሪ ነበር፤ ለሙዚቃ ብሎ ያቋረጠውን የዶክትሬት ጥናት የጨረሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር የጥርስ ሕክምና ጀምሮ ወደ ባዮሎጂ የዞረ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ዲከን ኤሌክትሮኒክስ አጥንቷል። እንግዲህ ገና ከመነሻው አንድ ዓይነት ሰዎች አልነበሩም።

ከዚህ አልበም በፊት ሦስት አልበሞች አውጥተዋል። በ1974 እ.ኤ.አ. «ኪለር ኩዊን» የተባለው ዘፈናቸው በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደርሶ ስማቸው ገኖ ነበር። ስም ነው እንጂ ገንዘቡ ግን አልመጣም። ከቀድሞ አስተዳዳሪዎቻቸው ጋር በነበራቸው ውል ምክንያት ዘፈናቸው በየሬዲዮው እየተሰማ እነሱ በጥቂት የሳምንት ደመወዝ የሚኖሩ ሰዎች ሆነው ቀሩ። ተጣሉ፣ ተለያዩ። የኤልተን ጆን አስተዳዳሪ የነበረው ጆን ሪድ ተረከባቸውና የገንዘቡን ጣጣ ለእኔ ተዉት፣ እናንተ ሂዱና የምትችሉትን ያህል ጥሩ አልበም ሥሩ አላቸው። የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን ያን ያህል የሚናደደው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

እስቲ ራሳችንን በእነሱ ቦታ እናስቀምጥ። ዕዳ አለብህ፤ ስምህ ገና እየወጣ ነው፤ የሠራልህ አንድ መንገድ አለ፤ እሱም «ኪለር ኩዊን» ነው። አብዛኞቻችን ምን እናደርጋለን? ያንኑ ዘፈን በሌላ ስም አሥር ጊዜ እንደግመዋለን። የቸገረው ሰው የተፈተነ መንገድ ነው የሚይዘው። እነሱ ግን የገቡት ማንም ሄዶበት ወደማያውቅ መንገድ ነው። ያውም በጊዜው እስከዚያ ድረስ ከተቀዱት አልበሞች ሁሉ ብዙ ወጪ የወጣበት እየተባለ በሚወራለት ሥራ! ባይሳካላቸው ኖሮ ዛሬ ስማቸውን የምናነሳው አይመስለኝም።

አሥራ ሁለት ዘፈን፣ አሥራ ሁለት ፊት

አልበሙ አሥራ ሁለት ዘፈኖች አሉት፤ ጠቅላላ ርዝመቱ አርባ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ሁሉንም ልዘርዝር አልልም። አንዳንዶቹን ግን እንዴት እንደተሠሩ ሳላወራ ካለፍኩ ክርክሬ ባዶ ይሆናል።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ የፍሬዲ ድምፅ ከድሮ ሬዲዮ ወይም ከድምፅ ማጉያ ቀንድ የሚወጣ ይመስላል። ይህን ያመጡት ውድ መሣሪያ ገዝተው አይደለም። የተቀዳውን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ከፍተው፣ ማዳመጫውን ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ከትተው፣ ከጣሳው የሚወጣውን ድምፅ እንደገና በማይክሮፎን ቀዱት። በቃ ይኸው ነው። ጣሳ!

«ሲሳይድ ራንዴቩ» በሚባለው ዘፈን መሃል የናስ መለከትና ዋሽንት መሰል መሣሪያዎች ይሰማሉ። አንዳቸውም የሉም። ፍሬዲና ሮጀር ቴይለር በአፋቸው ነው የሚነፉት። እዚያው ውስጥ በጫማ መሬት እየመቱ የሚጨፍሩ ሰዎች ድምፅ አለ፤ እሱም ጫማ አይደለም። ልብስ ሰፊዎች መርፌ እንዳይወጋቸው የሚያጠልቁትን የብረት ቆብ ጣታቸው ላይ አድርገው የስቱዲዮውን ሚክሰር እየጠበጠቡ ያወጡት ነው።

«ጉድ ካምፓኒ» የብራያን ሜይ ነው። ዘፈኑ መጨረሻ ላይ ሙሉ የድሮ የጃዝ ባንድ ይገባል፤ ክላርኔት አለ፣ ትሮምቦን አለ፣ ትራምፔት አለ። ልብ በሉ፣ ሁሉም ጊታር ነው። ሜይ እያንዳንዱን መሣሪያ በጊታሩ እያስመሰለ ድምፅ በድምፅ፣ ሐረግ በሐረግ እየቀዳ ገጣጠመው። ጊታሩ ደግሞ ራሱ ጉድ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ከአባቱ ጋር ቤት ውስጥ የሠራው ሲሆን አንገቱ ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ክፈፍ የተገኘ እንጨት ነው፤ ስፕሪንጎቹ ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት የተነቀሉ ናቸው። የጃዙን ድምፅ ለማውጣት የተጠቀመበትን ትንሽ አምፕሊፋየር የሠራው ጆን ዲከን ነው፤ ሰርኪዩቱን ያገኘው ከቆሻሻ መጣያ ገንዳ ውስጥ ነበር።

«'39» የተባለው ዘፈን ስትሰሙት የገበሬ ዘፈን ይመስላል። የሚያወራው ግን ስለ አንስታይን ፊዚክስ ነው። አዲስ ምድር ፍለጋ ወደ ሕዋ የሄዱ ሰዎች ለእነሱ አንድ ዓመት የሆነው ጊዜ ምድር ላይ መቶ ዓመት ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ ሲመለሱ የወደዷቸው ሰዎች የሉም። የሕዋ ፊዚክስ ተማሪ የጻፈው የስደተኛ እንጉርጉሮ ማለት ነው።

የአራተኛው ዘፈን ታሪክ ደግሞ ለእኔ ልዩ ነው። ዝምተኛው ጆን ዲከን ለሚስቱ የጻፈው ነው። ዘፈኑ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ይፈልግ ነበር። ፍሬዲ ያን መሣሪያ ስላልወደደው አልጫወትም አለ። ዲከን ተኮርፎ አልተቀመጠም፤ መሣሪያውን ራሱ ተለማምዶ ራሱ ተጫወተው። ዘፈኑ ዛሬም ድረስ ከባንዱ ተወዳጅ ሥራዎች አንዱ ነው።

ሁለተኛው የሸክላ ገጽ የሚከፈተው ከስምንት ደቂቃ በሚበልጥ ዘፈን ነው። ሜይ ታሞ በነበረበት ጊዜ ስለ ጥፋት ውሃ ካየው ሕልም የተነሳ ነው ይባላል። መሃሉ ላይ መሣሪያው ሁሉ ጸጥ ይልና የፍሬዲ ድምፅ ብቻውን ይቀራል። በቴፕ መዘግየት ምክንያት ያለው ነገር ተመልሶ ይመጣበታል፤ እሱም በተመለሰው ላይ ይጨምርበታል፤ አንድ ሰው ከገዛ ማሚቶው ጋር ይቀባበላል። ያ ሁሉ ሲያበቃ ሳይቋረጥ ወደ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ይሻገራል፤ ፒያኖና በገናን የሚያስታውሰን ሃርፕ ይሰማሉ። ሃርፑንም ሜይ ነው የነካው። የሃርፕ ተጫዋች አልነበረምና ጥቂት ጥቂቱን እየተጫወተ፣ እየቀዳ ቀጣጠለው።

ክሩ የቱ ላይ ነው?

«እሺ፣ ይሄ ሁሉ ብልሃት ጥሩ ነው። ግን የተለያየ ነገር አንድ ላይ ማጎር አልበም ያደርገዋል?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጓደኛዬም ይህንኑ ነው ያለኝ። ደጋግሜ ከሰማሁት በኋላ እኔ ሦስት ክሮች አግኝቻለሁ።

የመጀመሪያው የእጅ ሥራው ነው። የአልበሙ ሽፋን ላይ ምንም ሲንተሳይዘር እንዳልተጠቀሙ ጽፈው ነበር። ሲንተሳይዘር መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እነሱም በ1980 እ.ኤ.አ. ተጠቅመውበታል። በዚህ አልበም ግን የምንሰማው ማንኛውም እንግዳ ድምፅ ከአራቱ ሰዎች ጉሮሮና እጅ የወጣ ነው። ዘፈኑ ጃዝ ይምሰል ኦፔራ፣ ከታች ያ የቤት ውስጥ ጊታር አለ፤ ከላይ የፍሬዲ፣ የሜይና የቴይለር የተደራረበ ድምፅ አለ። ልብሱ ይለዋወጣል፣ ገላው ያው ነው።

ሁለተኛው ኃላፊነት ነው። አራቱም ጽፈዋል። ፍሬዲ አምስት፣ ሜይ አራት፣ ቴይለር አንድ፣ ዲከን አንድ፤ አሥራ ሁለተኛው የእንግሊዝ ብሔራዊ መዝሙር በጊታር ነው። እያንዳንዱ ዘፈን ባለቤት አለው። የመኪናውን ዘፈን ጸሐፊው ቴይለር ራሱ ነው የሚዘፍነው፤ የሕዋውንም ሜይ። ዝንቅ የሆነው ሰዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ነው እንጂ «ለሁሉም የሚሆን ነገር እንጨምር» ተብሎ አይደለም። በእኔ እምነት ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሁሉን ለማስደሰት ተብሎ የተቀላቀለ ነገር ማንንም አያስደስትም። ራሳቸውን ካልደበቁ ሰዎች የመጣ ዝንቅ ግን ባለቤት ያለው ዝንቅ ነው።

ሦስተኛው ቅደም ተከተል ነው። ንዴቱ ቀልዱን ያስከትላል፤ ቀልዱ ጩኸቱን፣ ጩኸቱ ፍቅሩን። የስምንት ደቂቃው ጥፋት ውሃ አድማጩን አድክሞት ሲያበቃ የፍቅሩ ዘፈን ያሳርፈዋል። ቦታቸውን አቀያይሩና ስሙት፤ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ፈረሰ። መጽሔታዊ የሬዲዮ ፕሮግራም ያዘጋጀ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዜና፣ ጭውውት፣ ቃለ ምልልስና ሙዚቃ አንድ ሰዓት ውስጥ ሲገቡ ፕሮግራሙን የሚያድነው የአንዱ መጨረሻ ለሌላው መጀመሪያ በር ከፋች መሆኑ ነው።

«አድማጭ አይታገሠውም»

አሁን ወደ ትልቁ ዘፈን እንምጣ። «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ይባላል። በለሆሳስ በፒያኖ ይጀምራል፣ ወደ ኦፔራ ይገለበጣል፣ ከዚያ ወደ ከባድ ሮክ ይፈነዳል፣ ተመልሶ በለሆሳስ ያልቃል። መሃል ላይ የሚሰማው ትልቅ የመዘምራን ጉባኤ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ድምፃቸውን በድምፃቸው ላይ እየደረቡ፣ ቴፑን ከቴፕ እየገለበጡ ሲቀዱ ክሩ ሳስቶ ብርሃን ሊያስተላልፍ ደርሶ ነበር ይላሉ። ርዝመቱ አምስት ደቂቃ ከሃምሳ አምስት ሰከንድ። የድግግሞሽ አዝማች እንኳ የለውም።

የሬዲዮ ዘፈን በዚያ ዘመን ሦስት ደቂቃ ገደማ ነበር። የሸክላ ኩባንያው ሰዎች «ይቆረጥ» አሉ። ሬዲዮ አያጫውተውም፣ አድማጭ አይታገሠውም ነው ነገሩ። ባንዱ አልቆርጥም አለ። ወይ ሙሉው ይወጣል፣ ወይ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ወንድማችን ይገባል። ኬኒ ኤቨረት በለንደን ካፒታል ሬዲዮ የሚሠራ ጨዋታ አዋቂ አስተዋዋቂ ነበር። ዘፈኑ ገበያ ላይ ሳይውል ቅጂው በእጁ ገባ፤ እንዳታጫውተው ተባለ፤ ሲባልም በጥቅሻ ነበር። በአንድ ቅዳሜና እሁድ አሥራ አራት ጊዜ አጫወተው። ሰኞ ሰዉ ሙዚቃ ቤቶችን ሞላ፤ ሸክላው ገና አልወጣም ነበር። ዘፈኑ በ1975 እ.ኤ.አ. መገባደጃ አንደኛ ወጥቶ እዚያው ለዘጠኝ ተከታታይ ሳምንት ተቀመጠ። አልበሙም በእንግሊዝ አንደኛ፣ በአሜሪካ አራተኛ ሆነ። ያለ ገንዘብ የከረመው ባንድ በዚህ ወጣ።

ኩባንያው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ልምድ ነበራቸው። የተሳሳቱት ያለፈውን ልምድ የአድማጭ ተፈጥሮ አድርገው ስለወሰዱት ነው። ሬዲዮ ሦስት ደቂቃ ሲያሰማው የኖረ አድማጭ ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚችል ይመስላል። ስድስት ደቂቃ የሰጠው ስላልነበረ ማንም አላወቀም። ኤቨረት ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ ሰጠውና አየ።

ሐምሌ 6 ቀን 1977

ይህ ዘፈን ከእኛ አገር ጋር የተገናኘበት ቀን አለ። ብዙዎቻችን ኩዊንን ያወቅነውም በዚያ ቀን ቪዲዮ ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት የረሃብ ዘገባ ተላለፈ። ከተለመደው የዜና ዘገባ የረዘመ ነበር። ያን ያየው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ሙዚቀኞችን አሰባሰበ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን ዌምብሌይና በአሜሪካ ፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ኮንሰርት ተካሄደ። ኩዊን ዌምብሌይ ላይ የተሰጠው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነበር። የከፈተው በ«ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ነው።

ግን ምን አደረጉ መሰላችሁ? ቆረጡት። የፒያኖውን ክፍል ብቻ ተጫውተው ኦፔራው ሳይደርስ ወደ ሌላ ዘፈን ተሻገሩ። ከአሥር ዓመት በፊት አንዲት ሰከንድ አትቆረጥም ያሉት ሰዎች ራሳቸው ቆረጡት። መርሕ አልባ ሆኑ እንበል? አይመስለኝም። የ1975ቱ ጥያቄ «ይህ ሥራ ምን ያህል ይፈልጋል?» ነበር። የዌምብሌዩም ጥያቄ ያው ነው፤ መልሱ ግን ሌላ ነበር፤ ቀኑ የረሃብተኞች እንጂ የዘፈኑ ቀን አልነበረም። ማሳጠር ኃጢአት አይደለም። ማን፣ ለምን ብሎ አሳጠረው ነው ቁም ነገሩ። ከዚያ በፊትም ቢሆን በራሳቸው ኮንሰርት ኦፔራውን ሦስት ሰዎች መድረክ ላይ ሊዘፍኑት ስለማይችሉ ከመድረክ ወርደው ቴፑን ያሰሙ ነበር። አፋቸውን እያንቀሳቀሱ የሚዘፍኑ አልመሰሉም። ይህንንም ለሙያችን አልንቀውም።

ስለዚያ ቀን ስናስብ ግን እንደ ኢትዮጵያዊ ሌላም ነገር አለ። ዘገባው እውነት ነበር፤ ሕይወትም አድኗል። በርክንና አሚንን የምወቅስበት አንደበት የለኝም። ነገር ግን ያ አንድ ሥዕል ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በየአገሩ ሲደጋገም ኢትዮጵያ ማለት ለዓለም ያ ብቻ ሆነች። አንድ ቀለም። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን አገራቸውን ሲናገሩ የሚገጥማቸውን የሐዘኔታ ፊት ስንት ጊዜ አውርተውናል። አንድ ነገር ብቻ መደጋገም ምን እንደሚያደርግ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ሠርጉም፣ ቀልዱም፣ ንግዱም፣ ክርክሩም ተጨምሮበት ቢሆን ረሃቡ ያንሳል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የተራበው ሰው ሙሉ ሰው ሆኖ ይታይ ነበር። ስለዚህ «ቀለምህን ለይ» ሲባል የሚጨንቀኝ ለአልበም ብዬ ብቻ አይደለም።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

ልዝጋ ስል ሁለት ነገር ልመልስ። አንደኛው «ይሄ ሁሉ ታይታ ነው» የሚለው ነው። በከፊል እውነት አለው። አልበሙ ውስጥ ሁሉም ዘፈን እኩል ነው አልልም። «ስዊት ሌዲ» የሚለው ለእኔ እንደ ማንኛውም የሮክ ዘፈን ነው፤ ቢወጣም አይጎድልብኝም። አንዳንድ ቦታም «እዩን፣ ምን እንደምንችል» የሚል ነገር ይሰማል። ነገር ግን የሃርፑን ዘፈን አስቡት። በ1981 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲናና በብራዚል ስታዲየሞች ፍሬዲ ዝም ሲል ሕዝቡ በቋንቋው ያልሆነውን ዘፈን ሙሉውን ተቀብሎ ዘፈነለት። ታይታ እንዲህ አይዘልቅም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ ነው።

ሁለተኛው «እነሱ ገንዘብና ስቱዲዮ ነበራቸው፤ እኛ አንድ መቅረጸ ድምፅ ለአምስት ሰው ነው» የሚለው ነው። ይህን ስሰማ ጣሳው ትዝ ይለኛል። የልብስ ሰፊው የጣት ቆብ፣ ከቆሻሻ ገንዳ የወጣው ሰርኪዩት፣ ከምድጃ የተነቀለው እንጨት ትዝ ይሉኛል። ስቱዲዮው ረድቷቸዋል፣ አልክድም። ጣሳውን ያሰበው ግን ስቱዲዮው አይደለም።

ጓደኛዬ «ምን ዓይነት ባንድ እንበላቸው?» ብሎኝ ነበር። አሁን መልስ አለኝ። አራት የማይመሳሰሉ ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን እንዲመስል ሳይገደድ፣ እያንዳንዱ የየራሱን እስኪጣፍጥ ድረስ የሠራበት ባንድ ነው። ዘውግ ስጥ ካላችሁኝ እሱ ነው ዘውጉ። እንግዲህ በሚቀጥለው የተግባር ሥራችን አንዱ ወጣ ያለ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ «አድማጭ አይወደውም» ከማለታችን በፊት አንድ ጊዜ እናስደምጠው። ካልወደደው ያን ጊዜ እንቆርጣለን፤ መቁረጫው የትም አይሄድም።

ጓደኛዬ ግን እስካሁን አልተረታም። ማዳመጫውን በመለሰልኝ ቁጥር «የመኪናው ዘፈን ብቻ ይበቃኝ ነበር» ይላል። የምትደግፉት ካላችሁ የሚቀጥለው እትም ላይ ጻፉና እንከራከር።

ቸር ያሰንብተን።